ኤግዚቢሽኑ ሊዘጋ ሲል አትሂዱ

ትልቅ ከተማ ውስጥ ኤግዚቢሽን ማየት ለምትወዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ። ሁላችንም «ኧረ ገና ሁለት ወር አለው» እንላለን። ከዚያ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ከተማው ግልብጥ ብሎ ይመጣል። ሥዕል ልናይ ሄደን የሰው ማጅራት አይተን እንመለሳለን። የመክፈቻው ምሽትም ያው ነው። አብዛኛው ሰው የሚሄደው ለሰላምታና ለፎቶ ነው (እኔም እሄዳለሁ፣ አልዋሽም)።

ደህናው ጊዜ ከተከፈተ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያውም በሥራ ቀን፣ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ። ያኔ አንድ ሥዕል ፊት አሥር ደቂቃ ብትቆሙ ማንም አይገፋችሁም። ብቻ ቀኑን አጣሩ። ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ዝግ ናቸው፤ የፓሪሱ ሉቭር ደግሞ የሚዘጋው ማክሰኞ ነው።

ኪሳችሁ ሳሳ ካለ ግንቦት 10ን ያዙ። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀን ሆኖ ይከበራል። በዕለቱ በነፃ የሚያስገቡ ሙዚየሞች ብዙ ናቸው። ሰልፉ ግን አይጣል ነው፣ ማልዳችሁ ውጡ።

ቴአትርና ኮንሰርት ላይ «ትኬት አልቋል» ሲባል ደግሞ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ትርኢቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ትኬት መሸጫው ጋ ብቅ በሉ። የሚመለስ ወይም ሳይወሰድ የቀረ ትኬት አንዳንዴ ይገኛል፤ በተለይ ብቻውን ለሄደ ሰው። ለአራት ከሆናችሁ ግን አልዋስም።