ፔሪዮዲክ ቴብልን እንደ ግድግዳ ካላንደር አንብቡት

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ደብተሯን ይዛ መጣችና ከፔሪዮዲክ ቴብል፣ ማለትም ንጥረ ነገሮች (ኤለመንቶች) ከተደረደሩበት ሰንጠረዥ፣ ሃያዎቹን የመጀመሪያ ኤለመንቶች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ወረደቻቸው። «ሶዲየም ለምን እዚያ ተቀመጠ?» ስላት ግን ዝም። እሷ ላይ አልፈርድም፣ እኛም እንደዚሁ ነው የሸመደድነው።

ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አሳየኋት። ጅማ ላደገ ልጅ ሐሙስ ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ ገበያ ነው፣ ከየገጠሩ ሰው ይጎርፋል፣ ባጃጁ መላወሻ ያጣል። ካላንደሩ ላይ ሐሙሶቹ ቁልቁል ተሰልፈዋል። ቀኑ 3 ሆነ 10 ወይም 17፣ ያው ገበያ ነው። ፔሪዮዲክ ቴብልም እንዲሁ ነው። ወደ ጎን ቁጥር በአንድ በአንድ ይጨምራል፣ ቁልቁል ጠባይ ይደጋገማል። የጎኑ ረድፍ ፔሬድ ይባላል (የትምህርት ቤቱ ፔሬድ አይደለም)፣ የቁልቁሉ ግሩፕ። ልዩነቱ የካላንደር ሳምንት ሁሌም 7 ቀን ሲሆን እዚህ ረድፎቹ እኩል አለመሆናቸው ነው፦ 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32። ደምሩት፣ 118 ይመጣል።

አሁን ወረቀት አውጡ። የኤለመንቱ ቁጥር የፕሮቶኑ (በአቶሙ መሀል ያለው ቅንጣት) ብዛት ነው፤ 11 ከሆነ ሶዲየም፣ 12 ከሆነ ማግኒዥየም፣ ክርክር የለውም። ኤሌክትሮኖቹን (መሀሉን የሚከቡትን ቅንጣቶች፣ ብዛታቸው ከፕሮቶኑ ጋር እኩል ነው) ከውስጥ ወደ ውጪ በየሼሉ፣ በየንብርብሩ ማለት ነው፣ ጻፏቸው፦ ሊቲየም 2፣1። ሶዲየም 2፣8፣1። ፖታሲየም 2፣8፣8፣1። ስንት ሼል አለው? ረድፉ ያ ነው። መጨረሻው ላይ ስንት ቀረ? እሱ ግሩፑን ይነግራችኋል። ሦስቱም በ1 ስለሚያልቁ አንድ ግሩፕ ውስጥ ገቡ፣ ሦስቱም ያቺን አንድ ኤሌክትሮን ለመገላገል ይቸኩላሉ፣ ቁልቁል በወረዳችሁ ቁጥር ደግሞ ኤሌክትሮኗ ከመሀሉ እየራቀች ስለምትሄድ ችኮላው ይብሳል። በወዲያኛው ጫፍ ክሎሪን 2፣8፣7 ሆኖ አንድ ጎድሎበት ተቀምጧል። የሶዲየም ትርፍ የክሎሪንን ጉድለት ሞላ፤ ወጥ ላይ የምትነሰንሱት ጨው ይኸው ነው።

ከግሩፕ 13 እስከ 18 ላሉት አቋራጭ አለ፦ ፊት ያለችውን 1 አንሱ። 17 ከሆነ ውጪው ሼል ላይ 7 አለ ማለት ነው። ሂሊየም ብቻ ያፈነግጣል፣ ጠቅላላ ያለው 2 ነውና። ሀይድሮጂንም ግሩፕ 1 ላይ ቢቀመጥም ብረትነት (ሜታልነት) የለውም። ከታች ተነጥለው የምታዩዋቸው ሁለት ረድፎች የ6ኛውና የ7ኛው ፔሬድ ናቸው፤ ወረቀቱ እንዳይሰፋ ነው የወረዱት።

ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ በፈረንጆቹ 1869 ይህን ሲሠራ የሚታወቁት 63 ያህል ኤለመንቶች ነበሩ። ጠባዩ የማይገጥም ሲመጣበት አልጨናነቀም፣ ቦታውን ባዶ ተወው። ከአሉሚኒየም ሥርም እንደዚያው አደረገ።

ልጅቷ ካልሲየምን (ቁጥር 20) 2፣8፣8፣2 ብላ ጽፋ «አራተኛ ረድፍ፣ ግሩፕ ሁለት፣ ከማግኒዥየም ሥር» አለችኝ። ቀጥላ ግን አፋጠጠችኝ፦ «ታዲያ 21 ለምን ከአሉሚኒየም ሥር አልገባም?» ጥሩ ጥያቄ። 21ኛውን፣ ስካንዲየምን፣ 2፣8፣9፣2 ብዬ ጻፍኩላት። አዲሱ ኤሌክትሮን ወደ ውስጠኛው ሼል ተመልሶ ገባ። እስከ 30 ድረስ፣ ዚንክ 2፣8፣18፣2 እስኪሆን፣ ውስጡ ይሞላል። 31ኛውን ራሷ ጻፈችው፦ 2፣8፣18፣3። ጋሊየም፣ በ1875 ተገኝቶ ያን ባዶ ቦታ የሞላው።