ሃርድ ዲስኩን ነቅላችሁ አስቀምጡ

ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ሰርግ የሚያነሳ ወዳጄ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። የፎቶዎቹ ስም መጨረሻ ላይ የማናውቃቸው ፊደላት ተቀጥለዋል። አንዱም አይከፈትም። አብሮ የተቀመጠው ማስታወሻ 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለከፈለ ግማሹ ይበቃል ይላል። የሦስት ሙሽሮች ሰርግ እዚያ ውስጥ ነበር።

ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ የባንክና የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጣጣ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ስቶፕ የሚባለው ይኼኛው ዓይነት በዋናነት የሚያጠቃው እንደኛ ያለውን ተራ ተጠቃሚ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው ደግሞ ከክራክ ጋር ነው፤ ክራክ የሚሸጥ ሶፍትዌርን ሳይከፍሉ ለመጠቀም የሚወርድ ፋይል ነው። ወዳጄም የፎቶ ማቀናበሪያ ክራክ አውርዶ፣ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ሲለው አጠፋው። እንዲህ የሚል ፋይል ካያችሁ እዚያው ሰርዙት።

አቦ፣ ፎቶና ሰነዳችሁን ዛሬውኑ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ከዚያ ንቀሉት! እንደተሰካ ከተተወ እሱም አብሮ ይቆለፋል። የዊንዶውስ አፕዴትም አትዝለሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ዓለምን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት የገባበትን የዊንዶውስ ክፍተት የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ከተያዛችሁ ኢንተርኔቱን ቶሎ አቋርጡ። ገንዘቡን አትክፈሉ፤ ከፍሎም ፋይሉን ያላገኘ አለ። ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት የተቆለፉትን ፋይሎች ለብቻ አስቀምጡ። ኖ ሞር ራንሰም የተባለው ድረ ገጽ ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች ነጻ መክፈቻ አለው። ለወዳጄ ግን አልሠራለትም። የአንዷ ሙሽራ ፎቶ ብቻ ከካሜራው ሜሞሪ ላይ ስላልጠፋ ተረፈ።