የፊልም መጽሔት ሽፋን፦ ልማዱን አውቆ መጣስ

አያት ወይም ጀሞ ታክሲ መያዣ ላይ አዟሪ በክንዱ ደራርቦ ከያዘው መጽሔት የሚታየው አናቱና የግራ ጠርዙ ብቻ ነው። የመጽሔቱ ስም ከላይ፣ ርዕሶቹ በስተግራ የሚደረደሩት ለዚህ ነው። ይህን ልማድ መጣስ ይቻላል፤ ግን የጣሳችሁት ነገር ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚረከብ ሌላ ነገር መኖር አለበት።

ፋይሉን ስትከፍቱ ለኤ4 (210 × 297 ሚሊ ሜትር) በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ (ከታተመ በኋላ የሚቆረጥ ትርፍ ጠርዝ) ጨምሩ፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2551 × 3579 ፒክስል ይሆናል። ጽሑፍ ከሚቆረጠው ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ስሙ የገጹን የላይኛውን አንድ አምስተኛ ይያዝ። አንድ ዋና ርዕስ፣ ከ3 እስከ 5 ንዑሳን ርዕሶችና ሁለት ፎንት ይበቃሉ።

የኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። የውጭ መጽሔቶች የተዋናዩን ጭንቅላት በስሙ ላይ ያሳርፋሉ። ጭንቅላት ደግሞ ከታች ነው የሚመጣው፤ የግዕዝ ፊደል ድምፁን የሚለይበት ምልክት ብዙውን ጊዜ እግሩ ላይ ነው። ስሙ «መጋረጃ» ቢሆንና ፀጉር የ«ጋ»ን እግር ቢሸፍነው «ገ» ይመስላል። ስለዚህ አንድ ፊደል ብቻ ይሸፈን፣ የቀሩት ሙሉ ይሁኑ። መጽሔቱ ገና አዲስ ከሆነ ግን ስሙን ከፊት አድርጉት፤ አንባቢ የማያውቀውን ስም አይሞላም።

ኮምፒውተሩ በግድ የሚያወፍረውን ፊደልም አትጠቀሙ፤ የ«ጠ»ና የ«ጨ» ክፍተት ይደፈናል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ራሱ ወፍራም ዝርያ ያለው ፎንት ምረጡ።

አሁን ወደ መጣሱ። የእንግሊዙ የፊልም መጽሔት ሊትል ዋይት ላይስ ከተመሠረተበት ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥዕል በተሠሩ የሽፋን ምስሎቹ ይታወቃል፤ ፎቶውን ቢተውም ፊትን አልተወም። እናንተ ደግሞ ተዋናይቷን ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊት ለፊቷ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ተደርድረው ልታነሷት ትችላላችሁ። የዓይኗ ጥሪ ስለሚጠፋ ዋናው ርዕስ ይረከበው፤ መጠኑን እጥፍ አድርጉ፣ ንዑሳኑን ወደ 2 አውርዱ፣ ስሙን ግን ከቦታው አትነቅንቁ። ፊቱንም ስሙንም ርዕሱንም አንድ ላይ ያስወገደ ሽፋን የፊልም መጽሔት መሆኑ አይለይም፤ ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ፎቶውን ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ አንሱ። የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ከኋላ ያለው ጨለም ካለ ጠቆር ያለ ፀጉርና ቆዳ ይዋጥበታል፤ ነጭ ፎም ቦርድ በጎን አስይዛችሁ ጠርዙን አብሩ። ስክሪን ላይ ያማረ ቆዳ ወረቀት ላይ ይጠቁራል፤ ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የኅትመት ቀለሞች) ከመቀየራችሁ በፊት መካከለኛውን ብርሃን በከርቭ (በብርሃን ማስተካከያው መስመር) ከፍ አድርጉ። አንድ ቦታ ላይ የአራቱ ቀለሞች ድምር ከ300 በመቶ ካለፈ ቶሎ አይደርቅም፣ የቀጣዩን ወረቀት ጀርባ ያበላሻል።

ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በሙሉ መጠኑ አትማችሁ፣ አናቱንና የግራውን ሲሶ ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን በሌሎች መጽሔቶች ሸፍኑና ከ3 ሜትር እዩት። ቀጥሎ ለቴሌግራም በአውራ ጣት ልክ አሳንሱት። ስሙ በሁለቱም ከተነበበ ጽሑፉን ሁሉ ወደ አውትላይን (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ) ቀይራችሁ ፒዲኤፉን ላኩ፤ ካልቀየራችሁ ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል።