ከቃታው እስከ ካርታው፦ የድሮ ሽጉጥ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ላይ የድሮ ሽጉጥ ያለው ሰው ሽጉጡ እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ብረቱን ነው። «አርጅቷል» ይልና ሞረድ ያነሳል። እኔ ግን ከብረቱ በፊት ጥይቱንና እርጥበቱን እጠረጥራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእነሱ ነው። በሞረድ የተበላ ብረት ደግሞ አይመለስም።

የማወራው ስለ ትንንሾቹ ነው። የጣሊያኑ ቤሬታ 1934፣ የቤልጂጉ ብራውኒንግ 1910፣ ኪስ የምትገባዋ ባለ 6.35 ሚሊሜትር ብራውኒንግ። ቤሬታ እዚህ ቢገኝ አይገርምም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማን የአንዱ ግዛቱ መቀመጫ አድርጓት ነበር።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ «የአያቴ ነው» ማለት ከፈቃድ አያድንም። ለሠርግና ለደስታ ወደ ሰማይ መተኮስማ ጭራሽ አይወራም።

ቀጥሎ ሽጉጡን ባዶ ማድረግ። መጀመሪያ ካርታውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን ሳጥን፣ አውጡ። ከዚያ የላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ሳቡና ጥይት መጉረሻውን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ካርታውን ሳያወጣ ያቀባበለ ሰው አንዱን አስወጥቶ ሌላ አጎረሰ ማለት ነው።

ዘይት ተቀብቶም አፈሙዙ ውስጡ ዛገ

ሰው ዘይቱን ይረግማል። ጥፋተኛው ግን የድሮው ጥይት ነው። በድሮ ወታደራዊ ጥይቶች መቀጣጠያ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ይገባ ነበር። ሲቀጣጠል ጨው ትቶ ይሄዳል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ የጅማ አየር ደግሞ እርጥበት ቸግሮት አያውቅም። ዘይት ጨውን አያሟሟም፣ ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ። የሚያሟሟው ውሃ ነው።

ስለዚህ በተኮሱበት ዕለት አፈሙዙን ፈትቶ የፈላ ውሃ ማሳለፍ ነው። ብረት ላይ ውሃ ማፍሰስ ያስፈራል፣ ይገባኛል። ግን ውሃው ትኩስ ከሆነ ብረቱ ይሞቅና ቶሎ ይደርቃል። በጨርቅ ወልውሉት፤ ከዚያ ቀጭን ዘይት። ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት የስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው። የምግብ ዘይት አይሁን፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይይዛል።

ሳይተኮስም የሚዝግ አለ። መያዣ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ሳጥን ውስጥ የከረመውን አውጥታችሁ እዩት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ከማልፊያው የቀረ ጨውና አሲድም ብረት ይበላል። ቆዳውን ለብቻ፣ ሽጉጡን ለብቻ አስቀምጡ። ከጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት የምትስብ ትንሽ ከረጢት አትጣሉ። ክረምት ላይ ቶሎ ቶሎ ቀይሯት። የላይ ላዩን ዝገት በዘይትና በሻካራ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጋችሁት ጥቁር ቀለሙም ማኅተሙም አብሮ ይሄዳል። ሰብሳቢ የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ቤሬታ ላይ ከዓመተ ምሕረቱ አጠገብ የሮማ ቁጥር አለ፤ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቆጠረ የፋሺስት ዘመን ነው። እሱን የፋቀ ሰው የሽጉጡን የልደት ካርድ ቀደደ።

ቃታው ተሳበ፣ ጥይቱ ከሸፈ

ወዲያው አትክፈቱት። አፈሙዙን ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ አንድ ደቂቃ ቢሆን ይሻላል። ያረጀ ባሩድ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል።

ከዚያ ያልተኮሰውን ጥይት አውጡና ቂጡን እዩ። መርፌው የመታት ጉድጓድ ጥልቅ ከሆነች ሽጉጡ ሥራውን ሠርቷል፤ የሞተው ጥይቱ ነው። ጉድጓዷ ለስሙ ያህል ከሆነች ሞላው ደክሟል ወይም በመርፌው ዙሪያ የድሮ ቅባት ደርቋል። መጀመሪያ ይታጠብ፣ ቀጥሎ ሞላው ይቀየር። ሞላ ቆርጦ ወይም ስቦ «ማጠንከር» የሚሉት ነገር ጥገና አይደለም።

ከመክሸፍ የባሰ አለ፤ «ጡ» ብሎ በደካማ ድምፅ የሚወጣ። የጥይቱ እርሳስ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ እንዳትተኩሱ። ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ አፈሙዙን ፍቱና ብርሃን ማለፉን እዩ።

ባለ 7.65ቱ ካርታው ውስጥ ጥይቱ ተቆላለፈ

ይሄ የጥይቱ ባሕርይ ነው። የ7.65 ብራውኒንግ ቀለሃ ቂጡ ላይ ትንሽ ከንፈር አለው። የላይኛው ጥይት ከንፈር ከታችኛው ኋላ ከገባ ሁለቱ ይያያዙና ወደ ላይ አይወጡም። በብዛት የሚከሰተው አጭር ጥይት ሲገባና ካርታው ውስጥ መንሸራተቻ ቦታ ሲተርፍ ነው። ካርታውን አውጥታችሁ አራግፉ። መልሳችሁ ስትሞሉ የእያንዳንዱ ከንፈር ከታችኛው ፊት መዋሉን እያያችሁ።

ካቀባበሉ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም

በጡጫ የሚዘጋ ሰው አለ። እባካችሁ! በእኛ አገር ማካሮቭ የሚባለው የሩሲያ ሽጉጥ ብዙ ነው፤ እሱም «9» ይባላል፣ ቤሬታውም «9» ይባላል። ግን የቤሬታ 1934 ጥይት 9 በ17 ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር የቀለሃው ርዝመት በሚሊሜትር ነው። የማካሮቩ 9 በ18 ሲሆን ቀለሃው በ1 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ እርሳሱም ይወፍራል፣ 9.27 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አይገጥምም፣ መግጠምም የለበትም። ብራውኒንግ 1910 ደግሞ በ7.65ም በ9 በ17ም የተሠራ ስለሆነ በመልኩ አትመኑ፤ አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ጥይቱ ትክክል ሆኖም የማይዘጋ ከሆነ መጉረሻው ቆሽሿል።

ብራውኒንግ 1910 ቃታው አይሠራም

ምናልባት ምንም አልሆነም። ካርታው ካልገባ ወይም ከመያዣው ጀርባ ያለችው መቆለፊያ በመዳፍ ካልተጫነች አይተኩስም። ቤሬታው ግን እንዲህ አይደለም። ካርታው ወጥቶም የጎረሰውን ይተኩሳል። የእሱ መቆለፊያ ተኩስ የሚከለክለው ቃታውን በመያዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥይት አጉርሶ ወገብ ላይ መሸከም አይመከርም።

ቤሬታው ጥይት ሲጨርስ ካርታው አልወጣም ይላል

አሠራሩ ነው። ላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ የያዘው የካርታው ጥይት መግፊያ ራሱ ስለሆነ ሞላው ይጫነዋል። መቆለፊያውን አዙራችሁ የላይኛውን ክፍል ከያዛችሁት ካርታው ያለ ትግል ይወጣል።

አንዴ ተስቦ ሁለቴ ተኮሰ

ቃታው ውስጥ የሚይዘው ጥርስ ተበልቷል። በቤት የሚሠራ አይደለም። ባዶ አድርጉት፣ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ስጡት፣ እስኪሠራ አትተኩሱበት።

የመያዣው ቅርፊት ተሰነጠቀ

ጅማ ላይ በርጩማ የሚጠርብ እጅ ስላለ ይሄ ቀላል ነው። ከዋንዛ ልኩን አስጠርቡና ግጠሙ። የተሰነጠቀውን ግን ከነብሎኑ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።