ማስታወሻችሁ ግድግዳ ላይ እንዳይወጣ፦ በሁለት ስክሪን ስናቀርብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአንዲት የማስተርስ ተማሪ ዲፌንስ (ጥናቷን ለፈታኞች የምታቀርብበት ዝግጅት) ላይ ተቀምጬ ነበር። ላፕቶፗን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘች፣ ስላይዱን ከፈተች፣ መናገር ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ አንደኛው ፈታኝ ዓይኑን ከግድግዳው ላይ መንቀል አቃተው። እኔም ቀና አልኩ። ግድግዳው ላይ ከስላይዱ ጎን ለራሷ የጻፈችው ማስታወሻ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፦ «ናሙናው ለምን አነሰ ካሉ በጀት በይ። ቶሎ ወደሚቀጥለው እለፊ።» እሷ ፊት ያለው ላፕቶፕ ላይ ስላይዱ ብቻ ስለሚታይ ምንም አላወቀችም። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ ከናሙናው ጀመረ።

ልጅቷ ሥራዋን በደንብ ታውቀው ነበር። ችግሩ የትኛው ስክሪን ለማን እንደሚያሳይ ሳታጣራ መጀመሯ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዲፌንስ ያለባቸውን ልጆች ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የማወራው ስለዚህ ነው።

ማስታወሻን ለተናጋሪው ብቻ የሚያሳየው መሣሪያ ራሱ ግሩም ነው። ፓወርፖይንት ላይ ፕረዘንተር ቪው ይባላል። ታዳሚው ግድግዳው ላይ ስላይዱን ብቻ ያያል። እናንተ ላፕቶፓችሁ ላይ አሁን ያለውን ስላይድ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ሰዓቱንና ማስታወሻችሁን ታያላችሁ። የአፕል ኪኖት፣ ጉግል ስላይድስ፣ በነጻ የሚገኘው ሊብረኦፊስ ኢምፕረስም ይህንኑ ይሠራሉ። እዚህ በአብዛኛው የማወራው ዊንዶውስ ላይ ስላለው ፓወርፖይንት ነው፤ አዳራሾቻችን ውስጥ በብዛት የማየው እሱን ነውና።

ዱፕሊኬት ላይ ትቶ መጀመር

ከፕሮጀክተር ጋር ስትገናኙ ላፕቶፑ ሁለቱን ስክሪኖች በተለያየ መንገድ ሊያያቸው ይችላል። ዱፕሊኬት ከሆነ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይታያል። ኤክስቴንድ ከሆነ ግን ግድግዳው ራሱን የቻለ ሁለተኛ ስክሪን ይሆናል። ለማስታወሻ የሚያስፈልገን ኤክስቴንድ ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ የፒ (P) ፊደልን ስትጫኑ አራት ምርጫ ይመጣል፤ ኤክስቴንድን ምረጡ። ማክ የምትጠቀሙ ዲስፕሌይስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ሚረሩን አጥፉት።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ዱፕሊኬት ላይ ሆናችሁ ኤፍ 5 ብትጫኑ ስላይዱ ብቻ ይመጣል፤ ማስታወሻ የለም። ያኔ ሰው ይደነግጣል። ቤት ሲለማመድ የተጠቀመበት አልት እና ኤፍ 5 ትዝ ይለዋል። ይህ ቁልፍ ፕረዘንተር ቪውን በአንድ ስክሪንም ቢሆን ይከፍታል፤ ብቻችሁን ስትለማመዱ በጣም ጥሩ ነው። ዱፕሊኬት ላይ ሆናችሁ አዳራሽ ውስጥ ከተጫናችሁት ግን ማስታወሻው ቀጥታ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ማስታወሻችሁን ካጣችሁት መጀመሪያ ከስላይድ ሾው ውጡ፣ ወደ ኤክስቴንድ ቀይሩ፣ ከዚያ እንደገና ጀምሩ።

ስክሪኖቹ ተገልብጠው ሲመጡ መደናገጥ

ኤክስቴንድ አድርጋችሁም ቢሆን ፓወርፖይንት ማስታወሻውን ወደ ግድግዳው፣ ስላይዱን ወደ ላፕቶፑ ሊልከው ይችላል። የዚያች ተማሪ ችግር ይህ ነበር። መፍትሔው አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ፕረዘንተር ቪው አናት ላይ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ የሚል አለ፤ እሱ ውስጥ ሁለቱን የሚያቀያይር ምርጫ ታገኛላችሁ። ኪኖት ላይ የኤክስ (X) ፊደልን መጫን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው በድንጋጤ ስክሪን ማጥቆሪያውን፣ የቢ (B) ፊደልን ይጫናል። በሌላ ጊዜ ጥሩ ቁልፍ ነው። ስክሪኖቹ ከተገለበጡ ግን የሚጠቁረው ስላይዱ ያለበት ስክሪን ነው፤ እሱ ደግሞ ያን ጊዜ የእናንተ ላፕቶፕ ነው። ማስታወሻው ግድግዳው ላይ እንደተዘረጋ ይቀራል። መቀያየሪያው ቶሎ ካልተገኘላችሁ ኢስኬፕ ተጫኑና ውጡ። ባዶ ግድግዳ ማንንም አይጎዳም።

አስቀድሞ መከላከልም ይቻላል። ስላይድ ሾው በሚለው ታብ ላይ ሞኒተር የሚል ምርጫ አለ። አውቶማቲክ የሚለውን ትታችሁ ስላይዱ የሚወጣበትን ስክሪን ራሳችሁ ምረጡ። እዚያው አጠገቡ ዩዝ ፕረዘንተር ቪው የሚለው ላይ ምልክት መኖሩንም እዩ።

ከሁሉ በላይ ግን ዞር ብላችሁ ግድግዳውን ተመልከቱ። አንድ ጊዜ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ከማለታችሁ በፊት። ስንት የተዘጋጀ ሰው ይህችን ሳያደርግ ሲቀር አይቻለሁ።

ቴሌግራምን ክፍት መተው

ኤክስቴንድ ላይ መልእክት ሲገባ ብቅ የሚለው ዋናው ዲስፕሌይ ተብሎ በተመረጠው ስክሪን ላይ ነው። ዋናው ላፕቶፑ ከሆነ ተርፋችኋል። ፕሮጀክተሩ ከሆነ ግን «ብሩን ላክልኝ እንጂ» የሚለው መልእክት ለአዳራሹ ሁሉ ይነበባል። የዊንዶውስ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ላፕቶፓችሁን ዋና አድርጉት። ቴሌግራሙን ግን ለማንኛውም ዝጉት፣ መልእክት ብቅ እንዳይል የሚያደርገውን ዱ ኖት ዲስተርብንም አብሩ።

ማስታወሻን እንደ ድርሰት መጻፍ

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማስታወሻው የግል ስለሆነ ብቻ ሙሉ ንግግራችንን እዚያ እናፈስሰዋለን። ከዚያ ማንበብ እንጀምራለን። ድምፃችን አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ዓይናችን ላፕቶፑ ላይ ይተከላል። ታዳሚው ደግሞ ሰው ሲያነብና ሲናገር ወዲያው ይለያል። ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው እንዳላየው ሲሰማው እሱም ስልኩን ያወጣል። ሁለተኛው ስክሪን የመጣው ከወረቀት ቀና ብለን ሰውን እንድናይ ነበር።

ታዲያ ምን እንጻፍ? እኔ አራት ነገር እጽፋለሁ። የስላይዱን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ ምክንያቱም አፍ የሚያዘው መጀመሪያ ላይ ነው። በቃሌ የማልይዛቸውን ቁጥሮች። ወደሚቀጥለው ስላይድ የምሻገርበትን አንድ ዓረፍተ ነገር። እዚህ ስላይድ ላይ ስደርስ ስንት ደቂቃ መሆን እንዳለበት። ሌላውን አፌ ይሙላው። ማስታወሻው ወደ ታች ሳይንሸራተት በአንድ እይታ ካልታየ በዝቷል ማለት ነው። ፊደሉ አንሶ ካስቸገራችሁ ከማስታወሻው ሥር ባሉት ሁለት የኤ ምልክቶች ማሳደግና ማሳነስ ይቻላል። ቆማችሁ የምታነቡት ስለሆነ ተቀምጣችሁ ከምትመርጡት መጠን አሳድጉት።

ቋንቋውን ደግሞ አስቡበት። ብዙዎቻችን ስላይዱን በእንግሊዝኛ ሠርተን ማብራሪያውን በአማርኛ እንናገራለን። ማስታወሻውን ግን በእንግሊዝኛ እንጽፈዋለን። ያኔ ሁለት ሥራ ይደረብብናል፤ ማንበብና በጭንቅላታችን መተርጎም። በየመሀሉ «እእእ…» የምንለው ለዚህ ነው። በምትናገሩበት ቋንቋ ጻፉት። ሰው ፊት አማርኛና እንግሊዝኛ የምትቀላቅሉ ከሆነ ማስታወሻውም ልክ እንደ አፋችሁ ይቀላቀል፤ የሚያርመው የለም።

ሌላው፣ ሰው ቢያየው የሚያሳፍራችሁን ነገር አትጻፉበት። «ይህን አላውቀውም፣ ዝለለው» የሚል ማስታወሻ ካላችሁ መፍትሔው መዝለል አይደለም። ለዚያ ጥያቄ ቁጭ ብላችሁ እውነተኛ መልስ አዘጋጁና መልሱን ጻፉት። ናሙናው በበጀት ምክንያት ካነሰ በራሳችሁ አፍ፣ በራሳችሁ ስላይድ ላይ ተናገሩት። ፈታኞች ግልጽነትን ያከብራሉ።

ፋይሉን ከነማስታወሻው መላክ

ስታበቁ «ስላይዱን ላኪልን» ይባላል። ፋይሉ በፓወርፖይንት ከተላከ ማስታወሻውም አብሮ ይሄዳል። ከስላይዱ ሥር ጠቅ ያደረገ ሁሉ ያነበዋል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስላይዱን ብቻ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ነው፤ ማስታወሻውን ከስላይዱ ጋር የሚያወጣውን ኖትስ ፔጅስ የሚለውን እንዳትመርጡ። ሁለተኛው ኮፒ አስቀርታችሁ፣ በኮፒው ላይ ፋይል፣ ከዚያ ኢንፎ፣ ከዚያ ኢንስፔክት ዶኪውመንት ውስጥ ገብታችሁ ማስታወሻውን በአንድ ጊዜ ማጥፋት ነው። በኮፒው ላይ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ዋናው ላይ ካጠፋችሁትና ሴቭ ካደረጋችሁት የወራት ማስታወሻችሁ ሄደ።

በሰው ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፎንት አለ ብሎ ማመን

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈ ፋይል፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ዛሬም ከድሮ ሰነድ ኮፒ ያደረግነው ጽሑፍ እንዲህ ያደርገናል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን መልኩ ይለወጣል። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ዊንዶውስ 10 ላይ አብሮ የማይጫን፣ ፈልገን የምንጨምረው ሆኗል። ኤብሪማ የሚባለው ሌላው የአማርኛ ፎንት ግን አለ። ስለዚህ ከተቻለ የራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ካልሆነ ፋይሉን ስታስቀምጡ ፎንቱ አብሮ እንዲቀመጥ አድርጉ፤ ኦፕሽንስ ውስጥ ሴቭ በሚለው ሥር ኢምቤድ ፎንትስ የሚል አለ።

ኬብልና መብራት

አዳዲስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዩኤስቢ-ሲ ወይም ኤችዲኤምአይ ብቻ አላቸው። የአዳራሹ ፕሮጀክተር ግን የድሮው ሰማያዊ የቪጂኤ ኬብል ብቻ ሊኖረው ይችላል። አዳፕተር ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ቪጂኤ ድምፅ አያሳልፍም፤ ቪዲዮ ካላችሁ ስፒከር አስቡበት። የድሮ ፕሮጀክተሮች የምስል ወርድና ቁመት ብዙ ጊዜ 4 በ3 ነው። የዛሬ ስላይድ ደግሞ 16 በ9 ስለሆነ ከላይና ከታች ጥቁር ይተዋል። ያ ችግር የለውም፣ ግን ጽሑፉ ስለሚያንስ ከኋላ ረድፍ ሆናችሁ እዩት።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ፕሮጀክተሩ ግን ይጠፋል። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ደግሞ እስኪቀዘቅዝ ወዲያው ላይበራ ይችላል። ማስታወሻችሁን ኖትስ ፔጅስ በሚለው አትማችሁ ያዙ፤ ስላይዱም ማስታወሻውም አንድ ገጽ ላይ ይወጣል። ያኔ ንግግሩን ከወረቀት መቀጠል ይቻላል። መብራት ሲመለስ የትኛው ስክሪን ላይ ምን እንዳለ እንደገና ሳታዩ አትቀጥሉ። ሁለተኛው ስክሪን ጠፍቶ ሲመለስ ያደረጋችሁት ምርጫ ሁሉ እንደነበረ ላይገኝ ይችላል።

በመሀል ሌላ መስኮት መንካት

ክሊከሩ (ስላይድ የምትቀይሩበት ሪሞት) በድንገት እምቢ ካላችሁ ባትሪውን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አስቡ። ክሊከር ለላፕቶፑ ልክ እንደ ኪቦርድ ነው፤ ትእዛዙ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ለነካችሁት መስኮት ነው። ብራውዘር ከፍታችሁ ከነበረ ስላይዱ አይንቀሳቀስም። ፕረዘንተር ቪውን አንዴ ጠቅ አድርጉት፣ ይመለሳል።

ሰዓቱንም እዩ። ቆጠራ የሚጀምረው ስላይድ ሾው ስትከፍቱ ነው። ቀድማችሁ ለሙከራ ከፍታችሁ ከሆነ የተሰጣችሁ 20 ደቂቃ ሳትናገሩ እየሄደ ይመስላችኋል። ስትጀምሩ ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን መመለሻ ተጫኑ።

ዙም ላይ የተሳሳተውን ስክሪን ሼር ማድረግ

ውጭ አገር ካለ አማካሪ ጋር ስትገናኙ ግድግዳ የለም፤ ሼር የሚደረገው ስክሪን ነው ግድግዳው። ሁለት ስክሪን ካላችሁ ስላይዱ ያለበትን ምረጡ እንጂ ማስታወሻው ያለበትን አይደለም። ላፕቶፕ ብቻ ካላችሁ ሴት አፕ ስላይድ ሾው ውስጥ ገብታችሁ ስላይዱ በመስኮት እንዲከፈት አድርጉና ያንን መስኮት ብቻ ሼር አድርጉ። ማስታወሻው በወረቀት ይሁን። ቲምስ ላይ ፓወርፖይንት ላይቭ የሚባለውን ከተጠቀማችሁ ማስታወሻው ለእናንተ ብቻ ይታያል፤ በአንድ ስክሪን ለሚሠራ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

በአንድ ስክሪን ብቻ ተለማምዶ መሄድ

«ሁለተኛ ስክሪን ከየት አመጣለሁ?» ይሉኛል። ሳሎናችሁ ያለው ቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ ካለው ሁለተኛ ስክሪን ነው። ላፕቶፑን ሰኩበት፣ ኤክስቴንድ አድርጉ፣ ሞኒተሩን ምረጡ፣ ጀምሩ። ኬብሉን በመሀል ነቅላችሁ እንደገና ሰኩት፤ ምን እንደሚሆን ቤት ሆናችሁ እዩት። ስክሪኖቹንም ሆን ብላችሁ ገልብጡና እጃችሁ መቀያየሪያውን እስኪለምድ መልሱት። እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጡና ከመናገራችሁ በፊት «ምን ይታይሃል?» ብላችሁ ጠይቁ።