ለውሻ ጥሬ አጥንት ከመስጠትዎ በፊት

የቅርጫ ሰሞን አጥንት ይበዛል፤ ውሻውም ከቢላዋው አጠገብ አይጠፋም። ጥሬ አጥንት ከተቀቀለው ይሻላል እንጂ ከአደጋ ነጻ አይደለም። የተቀቀለው ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ስንጣሪው ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የዶሮ ወጥ አጥንት ጨርሶ አይሰጥ፤ ሽንኩርቱም ራሱ ለውሻ መርዝ ነው።

የበሬ ቅልጥም ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው፤ ግን የመንጋጋ ጥርስ የሚሰብረው እሱ ነው። ከውሻው አፍ የሚተልቅ፣ ሥጋ ያልተለየው የአንገት አጥንት ይሻላል። በዕለቱ የታረደ ይሁን፤ በጅማ እርጥበት ውጭ የዋለ ሥጋ ቶሎ ይበላሻል። ማቀዝቀዣም ቢሆን ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አይገድልም፤ ስለዚህ እጅና መክተፊያ በሳሙና ይታጠቡ።

መጀመሪያ ምግቡን ይብላ፤ የራበው ውሻ ሳያኝክ ይውጣል። ከዚያ አጥንቱን ሰጥተው አጠገቡ ይቁሙ። ከ15 ደቂቃ በኋላ በሌላ ምግብ አታልለው ይውሰዱበት፤ በጉልበት ከቀሙት ወይ ይነክሳል ወይ በጥድፊያ ይውጠዋል። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሰገራው ነጥቶ እንደ ኖራ ከደረቀ በዝቶበታል።

ከአጥንቱ ይልቅ የሚያሰጋው ጥሬ ጉበትና ሳንባ ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ውሻው የኮሶ ዓይነት ትል ይይዘዋል፤ እንቁላሉ በሰገራው ወጥቶ ሰውን፣ በተለይ ልጆችን ይበክላል። ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ያቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩት። ለትሉ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም በክብደቱ ይወስናል።

ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ ወይም አምጦ ሰገራ ካልወጣው፣ በግድ ለማስመለስ ሳይሞክሩ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይውሰዱት።