ከግድግዳው የተደገፈ መቋሚያ ባለቤት አለው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጬ ከመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና፣ ሳልሻገር ተመልሻለሁ። አሁን በሰበካችን ሰንበት ትምህርት ቤት አዲስ የሚገቡትን ወጣቶች የምቀበለው እኔ ነኝ። አረጋውያንን ስለ ማክበር በየዓመቱ የምደጋግመውን አንድ ጊዜ ልጻፈውና አፌ ይረፍ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በዐቢይ ጾም ቅዳሴ እግሬ ዛለና ከግድግዳው የተደገፈ መቋሚያ አነሣሁ። የአንድ አዛውንት መሪጌታ ነበር፤ ሊሰግዱ ጎንበስ ሲሉ አስጠግተውት ነው። ሲነሡ በእጄ አዩት። ምንም አላሉኝም። ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዘው እስከ ፍጻሜው ቆሙ። የማን እንደሆነ ያወቅሁት ከቅዳሴ በኋላ የልጅ ልጃቸው መጥቶ “የአያቴን መቋሚያ ስጠኝ” ሲለኝ ነው።

እንግዲህ መቋሚያ ከማንሣታችሁ በፊት ዙሪያችሁን እዩ። ትርፍ ካገኛችሁም መጀመሪያ አጠገባችሁ ሽበት ያለበት ሰው መኖሩን አረጋግጡ። በጾም ቀን ቅዳሴው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሊቆይ ይችላል፤ እኒያ ሽማግሌ ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። እናንተ ይደክማችኋል፤ እሳቸው ይወድቃሉ።

ስለ ሰላምታ። አዛውንት ወደ ተቀመጣችሁበት ሲመጡ ተነሥታችሁ “ኖር” በሉ። “በእግዜር” ይሏችኋል። እሳቸው ሳይቀመጡ አትቀመጡ። ቀለል ብትባባሉም እንኳ አንቱታው አይቅር። ያስተማረን “የኔታ”፣ ካህኑን “አባ”፣ ቆብ የደፉትን እናት “እማሆይ” በሉ፤ ለሌሎቹ “አባባ” እና “እማማ” ይበቃል። ጉልበት ልትስሙ ጎንበስ ብላችሁ ትከሻችሁን ይዘው ካቀኗችሁ አትግደርደሩ፤ ቀና በሉ። ምርቃት ከጀመሩ ግን እስከ መጨረሻው አሜን እያላችሁ ቁሙ። የእኛ አገር ምርቃት ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ገና ያልወለዳችሁትን ልጅ ሁሉ ያዳርሳል። በመካከሉ ስልኩን ያየ ልጅ አውቃለሁ፤ ምርቃቱ ልጆቹ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

የማይሰጥ ሰላምታም አለ። አንዲት እናት መቁጠሪያ ይዘው “እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ” 41 ጊዜ እያሉ ነው እንበል። 27 ላይ ሲደርሱ “እማማ፣ እንደምን አደሩ?” ብትሏቸው ከአንድ ሊጀምሩ ነው። መጀመሪያ ጣታቸውን እዩ። ግዕዙን አሳስተው ሲጸልዩ ብትሰሙም ፈገግ እንዳትሉ፤ እርማት ከእናንተ አልጠየቁም።

ጫማ ትንሽ ነገር ይመስላል። ክረምት ዋልካው ሲጨቀይ ደጃፉ ላይ ሃምሳ ኮንጎ ጫማ ይቆለላል፤ ሁሉም ጭቃ፣ ሁሉም አንድ መልክ። እኔ ሁለት ተማሪዎች መድቤ የትኛው አዛውንት ጫማቸውን የት እንዳስቀመጡ ጧት እንዲያዩ አደርጋለሁ። ሲወጡ እግራቸው ሥር አዙሮ ማቅረብ ነው። ክንድ መያዝም ዘዴ አለው፤ አትጎትቷቸው፣ ክንዳችሁን ስጧቸውና እነሱ ይያዙት። ሰንበቴ ላይ እጅ የምታስታጥቡ ከሽማግሌዎቹ ጀምሩ፤ ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው ፊት ቆማችሁም ዕቃ አትሰብስቡ።

ይህን ሁሉ አሟልታችሁ ምንም ነገር ካልጠየቃችኋቸው ግን እንደ አሮጌ ዕቃ በጥንቃቄ አስቀመጣችኋቸው ማለት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ በየደብሩ ቅኔ ሲሰማ የኖረ ሽማግሌ አይጠፋም። በዓል ላይ ቅኔ ሲባል ሳይገባችሁ “ይበል! ይበል!” እያላችሁ ከምትጮኹ፣ ቆይታችሁ “የኔታ፣ ሰሙን ያዝሁት፤ ወርቁ ግን አመለጠኝ” በሏቸው። ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ። እኔ ስለ መቋሚያው ይቅርታ ልጠይቅ መሪጌታው ቤት የሄድሁት ከዓመት በኋላ ነው። ነገሩን ረስተውታል። “ምን ተማርህ?” አሉኝ። ጉባኤ ቃና አልኋቸው። “እስቲ ንገረኝ” አሉ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ሁለቱንም አፈረሱብኝ። በሳምንቱ ሌላ ቅኔ ቆጥሬ ሄድሁ፤ እሱንም አፈረሱት። እንዲህ እየተባባልን ዓመታት ተቆጠሩ።

ሽማግሌው ሲሳሳቱስ? ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ “ሽማግሌ የሆነውን አትገሥጸው፥ ነገር ግን እንደ አባት ለምነው” ብሎታል (1ኛ ጢሞ. 5፥1)። ጢሞቴዎስ ወጣት ነበር፤ ግን ሥልጣን ነበረው። ሥልጣን ያለው ከለመነ እኛ የሰንበት ተማሪዎች ምን ልንሆን ነው! ባለፈው ክረምት የድምፅ ማጉያው በአረጋውያኑ መቆሚያ በኩል እንዲሰቀል ተወስኖ አንድ አባት አጥብቀው ተቃወሙ። ልጆቹ ጉባኤ ላይ ሊሞግቷቸው ተሰናድተው ነበር። ከለከልኋቸውና ከእድሜ እኩያቸው ጋር ቤታቸው ሄድን። ለካ አንድ ጆሯቸው ታሟል፤ ጩኸቱ ያሠቃያቸዋል። በሰው ፊት መናገር አፍረው ነው። ማጉያው ወደ ሌላው ግድግዳ ዞረ። የገንዘብ ጉዳይ ግን ለብቻው ነው፤ የሙዳየ ምጽዋት ሒሳብ ሲጎድል ሽበት ደረሰኝ አይተካም። በትሕትና፣ ግን በሰበካ ጉባኤ ፊት ይጠየቃል።

የመጨረሻው ከቤት መውጣት ያቃታቸውን መጠየቅ ነው። መሪጌታውም ዛሬ ከእነዚህ ናቸው። ስትሄዱ ጠበል ያዙ፤ ቤቱን አይታችሁ እንጨት ፍለጡ ወይም ውኃ ቅዱ፤ “ምን ላግዝ?” ብላችሁ አትጠይቁ፣ “ምንም” ነው መልሱ። ፎቶግራፍ ሳታስፈቅዱ አታንሡ። ደግሞ ተዘጋጅታችሁ ግቡ፤ ገና ሳትቀመጡ “ዛሬ ማን ቀደሰ?” ይሏችኋል። ከተንተባተባችሁ አርፍዳችሁ እንደ ገባችሁ ወዲያው ያውቃሉ።